የምድርን ሽክርክሪት ስትተነብዩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ቀን ሁሌ 86,400 ሰከንድ ልክ አይደለም። አንዳንዱ በሚሊሰከንድ ይረዝማል፣ አንዳንዱ ያጥራል። ኢምንት ይመስላል። ግን የምድር ወገብ በሰከንድ 465 ሜትር ገደማ ይሽከረከራል። ትንበያችሁ በ1 ሚሊሰከንድ ከሳተ፣ እዚያ ያለውን ቦታ በ46 ሴንቲሜትር ሳታችሁት ማለት ነው። መንኮራኩር ወደ ማርስ ለሚመራ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው የቀን ርዝመትንና የተጠራቀመውን የሰዓት ልዩነት አንድ አድርጎ ሲያይ ነው። ነገሩ እንደ ዱቤ ነው። ቀኑ በ1 ሚሊሰከንድ ቢረዝም ለዕለቱ ምንም አይደል። ዓመት ሙሉ እንዲሁ ከቀጠለ ግን ምድር ከአቶሚክ ሰዓት በ0.365 ሰከንድ ወደኋላ ትቀራለች። የትንበያ ስህተትም እንደዚሁ ይጠራቀማል።

ከዚህ የባሰው ጭማሪ ሰከንድን፣ ማለትም ሰዓታችን ከምድር ሽክርክሪት ብዙ እንዳይርቅ አልፎ አልፎ የሚጨመርበትን አንድ ሰከንድ፣ መርሳት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ 27 ጊዜ ተጨምሯል፤ የመጨረሻው በ2016 ማብቂያ ነበር። የዚያን ሰሞን ሰንጠረዥ ተመልከቱ። ዲሴምበር 31 በምድር ሽክርክሪትና በሰዓታችን መካከል ያለው ልዩነት -0.41 ሰከንድ ገደማ ነው፣ በማግስቱ +0.59። ምድር ምንም አልሆነችም፤ የተነካው የእኛ ሰዓት ነው። ሞዴላችሁ ግን ዝላዩን የምድር እንቅስቃሴ አድርጎ ይማረዋል። መጀመሪያ ጭማሪ ሰከንዶቹን አውጡ።

ጨረቃና ፀሐይ በስበታቸው የሚያመጡት፣ በ14 እና በ28 ቀን ገደማ የሚመላለሰው ለውጥም በቀመር ይታወቃል። ቀድማችሁ ቀንሱት፣ መጨረሻ ላይ መልሱት።

ያለፈውን ቁጥር ብቻ እያዩ መተንበይ ለእኔ ዋናው ጥፋት ነው። ከወቅት ወቅት ምድርን በዋናነት የሚያፈጥናትም የሚያዘገያትም ነፋስ ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ሲበረታ ጉልበቱን የሚወስደው ከራሷ ከምድር ነው። እሷ ትዘገያለች፣ ቀኑ ይረዝማል። በ1982-83ቱ ኤልኒኞ ቀኑ በ1 ሚሊሰከንድ ገደማ ረዝሞ ነበር። ይህ ከትናንት ቁጥር አይነበብም። የአየር ትንበያ ሞዴሎች ግን የመጪዎቹን ቀናት ነፋስ አስልተው ይሰጣሉ። ተጠቀሙበት እንጂ!

«ጨረቃ እያዘገየቻት ስለሆነ ቀኑ ከዓመት ዓመት ይረዝማል» ብሎ መስመር መሳብም አያዋጣም። መዘግየቱ እውነት ነው፣ ግን በ100 ዓመት 2 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። የምድር ፈሳሽ እምብርት በአሥርት ዓመታት ውስጥ ከዚያ በላይ ያወዛውዛታል። እንዲያውም ጁላይ 5 ቀን 2024 ቀኑ በ1.66 ሚሊሰከንድ አጥሮ ነበር።

ሞዴላችሁን ስትፈትኑ ደግሞ ኋላ የታረመ መረጃ አትስጡት። የጠራው ልኬት የሚገኘው ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ በተለያዩ አህጉራት ባሉ አንቴናዎች ተቀድቶ፣ ተሰልቶ ካበቃ በኋላ ነው። ትንበያው በሚወጣበት ጠዋት እጃችሁ ላይ የነበረውን ብቻ ስጡት።