የሠርግ ፎቶ ችግሮች፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

የሠርግ ፎቶ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ካሜራው ነው። ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች ግን አዲስ ካሜራ በመግዛት የሚፈቱት ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጡም። ቀሪው የብርሃን፣ የባትሪ፣ የሰዓትና የውል ጉዳይ ነው። የተበላሸው ፎቶ ራሱ ምን እንደደረሰበት ይናገራል፤ ከመሰረዛችሁ በፊት አሳድጋችሁ እዩት።

ሙሽሪት ጠቆረች፤ ወይም ፊቷ በራ፣ ጥበቡ ጠፋ

የካሜራው ብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ቬሎ ወይም የሐበሻ ቀሚስ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ቀሚሱ ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ይጠቁራል። ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ሲደረደሩ ደግሞ በተቃራኒው ይጨምርና ፊታቸው ይነጣል።

ነጩ ሲበዛ ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው) ጨምሩ፣ ጥቁሩ ሲበዛ ያንኑ ያህል ቀንሱ። ብርሃኑ የማይለዋወጥበት ቦታ ከሆነ ማኑዋል (በእጅ ማስተካከያ) ላይ አድርጋችሁ አትንኩት። በRAW (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሱ፤ ጄፔግ ላይ አንዴ ነጥቶ የጠፋ ጥልፍ አይመለስም። ከዚያ አንድ ፎቶ አንስታችሁ የቀሚሱን ጥበብ በስክሪኑ ላይ እስከ መጨረሻው አሳድጉት። ክሩ አንድ በአንድ ከታየ ልኩ እሱ ነው። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ከመሰለ አንድ ሦስተኛ ስቶፕ እየቀነሳችሁ ድገሙት። በዚያ ልክ ጠይም ፊት ትንሽ ከጠቆረ፣ ሙሉውን ፎቶ ማብራት ሳይሆን ፊቱን ብቻ በሪፍሌክተር ወይም ለስለስ ባለ ፍላሽ ማብራት ነው። በኤዲት ከልክ በላይ የተነሳ ፊት አመድ የነፋበት ይመስላል። ሆን ብሎ ቆዳ ማንጣት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ እናትየዋ አልበሙን ስትከፍት ልጇን ማወቅ አለባት።

ጥበቡ እንዲጎላ ሙሽሪትን በመስኮት አጠገብ በጎን አቁሟት። ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ሽመናውን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ ከጎን የሚመጣው ግን እያንዳንዱን ክር ያወጣዋል።

ድንኳን ውስጥ ሁሉም ሰው ቀላ፣ ወይም ሰማያዊ ሆነ

የፀሐይ ብርሃን በቀለማማው ሸራ ሲያልፍ የሸራውን ቀለም ይዞ ይገባል። ፍላሹን ወደ ጣሪያ የሚያዞር ሰው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ወደ ቀይ ሸራ የተላከ ብርሃን ቀይ ሆኖ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ድንኳን ውስጥ ጣሪያ የለም ብላችሁ ሥሩ። ፍላሹን በስታንድ ላይ አድርጋችሁ በነጭ ጃንጥላ ወይም በሶፍት ቦክስ፣ ከሙሽሮቹ 2 ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ በ45 ዲግሪ ጎን አቁሙት። ስታንዱን በአሸዋ ከረጢት ካላሰራችሁት ጭፈራው ሲሞቅ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። ዋይት ባላንስ (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ) በግራጫ ካርድ ውሰዱ። ነጠላ ነጭ ስለሆነ ይሆናል አትበሉ፤ አንዱ ወደ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ያደላል።

የዲኮር ወይን ጠጅ ኤልኢዲ መብራት ከዚህ ይከፋል። እሱ ሌሎቹን ቀለሞች ጨርሶ ስለማይለቅ ዋይት ባላንስ የሌለውን ቀለም ሊያመጣ አይችልም። ያለው አማራጭ በፍላሽ መብለጥ ነው፦ ሹተር (የመክፈቻ ፍጥነት) 1/200 ሰከንድ፣ የሌንስ ቀዳዳ ኤፍ 4፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 800 አካባቢ ጀምሩና የአዳራሹ ብርሃን ወደ ኋላ እስኪሸሽ ድረስ አይኤስኦውን አውርዱ። ከዚያ የሚቀለው ግን በዋዜማው ለዲኮር ሠራተኛው ደውሎ ዳቦና ኬክ በሚቆረስበት ሰዓት ሙሽሮቹ ፊት ያለውን መብራት ሞቅ ባለ ነጭ እንዲያደርግ መነጋገር ነው። ከቪዲዮ አንሺውም ጋር እንዲሁ። የሱ መብራት ነጭ፣ አዳራሹ ቢጫ ከሆነ ግማሽ ፊት ሰማያዊ ይወጣል። የአዳራሹ አምፖል ቢጫ ከሆነ ፍላሻችሁ ላይ ብርቱካናማ ጄል (ባለ ቀለም ስስ ፕላስቲክ) አድርጉና ዋይት ባላንሱን 3200 ኬልቪን ላይ አስቀምጡት፤ ሁለቱ ብርሃኖች ይዋሃዳሉ።

ዲጄው ሌዘር ካለው ሌንሱን ወደ ጨረሩ አታዙሩ። በቀጥታ የገባ ሌዘር ሴንሰር ላይ የማይጠፋ መስመር ወይም ነጥብ ጥሎ ይሄዳል።

ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ወጣ

ሁለት ዓይነት ነው፤ አታምታቷቸው። ከፎቶው አንድ ዳር ብቻ ጠርዙ የለየ ጥቁር ክፍል ካለ፣ ፍላሹ ሲበራ ሹተሩ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ነበር። ብዙዎቹ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር የሚሄዱት እስከ 1/200 ወይም 1/250 ነው። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ሃይ ስፒድ ሲንክን (ፍላሹ ከፈጣን ሹተር ጋር እንዲሄድ የሚያደርገውን ምርጫ) አብሩ፤ የፍላሹን ጉልበት ግን በጣም እንደሚበላ እወቁ።

ተደጋጋሚ የሆኑ፣ ደብዘዝና ደመቅ የሚሉ አግዳሚ መስመሮች ከሆኑ ግን ጥፋቱ የመብራቱ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። በ1/50 ወይም በ1/100 ካነሳችሁ ካሜራው ሙሉ ዙሩን ይይዛል፣ መስመሩም ይጠፋል። አሜሪካ ውስጥ የሐበሻ ሠርግ የምታነሱ 60 ኸርዝ ስለሆነ 1/60 ወይም 1/125 ሞክሩ። ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር አጥፉ፤ መስመሩን የሚያጎላው እሱ ነው። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሳ 50ው ከፍና ዝቅ ስለሚል የሙከራ ፎቶ እንደገና አንሱ። ዲመር ያላቸው ኤልኢዲዎችና ትልልቅ ስክሪኖች ደግሞ በራሳቸው ፍጥነት ነው የሚርገበገቡት፤ እዚያ ሹተሩን በትንሽ በትንሹ እየቀየሩ መፈለግ ነው።

ብዥ አለ

ምኑ እንደበዘዘ እዩ። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳበ እጃችሁ ተንቀሳቅሷል። መጋረጃው ጥርት ብሎ ፊቱ ከለሰለሰ ፎከሱ ስቷል፤ አንድ ነጥብ ብቻ መርጣችሁ ዓይን ላይ አሳርፉት። እጅ ወይም ትከሻ ብቻ ከበዘዘ ሹተሩ ዘገምተኛ ነው።

ተክሊል ከቅዳሴ ጋር በማለዳ ስለሚሆን ቤተ ክርስቲያኑ ጨለምለም ይላል። 50 ወይም 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ፣ 1/125፣ አይኤስኦ 3200 እስከ 6400 ያስፈልጋል። አይኤስኦ ሲጨምር የሚመጣው ጠጠር መሳይ ነጥብ ያለበት ፎቶ ይታተማል፣ ብዥ ያለ ግን አይታተምም። ፍላሽ ይፈቀድ እንደሆነና የት ድረስ መቆም እንደሚቻል ከአገልጋዩ ካህን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። እዚያም ጫማ ስለሚወልቅ በቶሎ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ።

እስክስታ ላይ ያለ ፍላሽ ከሆነ ከ1/250 አትውረዱ። በፍላሽ ከሆነ ደግሞ ትከሻውን የሚያቆመው የፍላሹ ብልጭታ ነው፤ በ1/8 ጉልበት ላይ ብልጭታው በጣም አጭር ነው። ጥርት ያለው ትከሻ ላይ ሌላ ጥላ መሳይ ትከሻ ከተደረበ የአዳራሹ ብርሃን በዝቷል ማለት ነው፤ ሁለት ስቶፕ አውርዱት።

ዓይን ሥር ጠቆረ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከላይ ነው የምትወርደው። መናፈሻ ውስጥ በ8 ሰዓት የሚነሳ ፎቶ ላይ ግንባር ያበራል፣ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። ሙሽሮቹን ከሕንፃ ጥላ ጠርዝ ወደ ውስጥ አንድ ሁለት እርምጃ አስገቡና ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙሩ። ቅጠሉ ሳሳ ያለ ዛፍ ሥር አታቁሙ፤ ፊት ላይ የብርሃን ጠቃጠቆ ይወጣል። ሣር መሀል ከሆኑ ደግሞ አገጭ ሥር አረንጓዴ ይታያል። ከሁሉ የሚሻለው ፕሮግራሙ ሲወጣ የፎቶውን ሰዓት ወደ 10 ሰዓት ተኩል መግፋት ነው። ጥር ላይ ፀሐይ ከ12 ሰዓት አልፎ ስለምትጠልቅ በቂ ጊዜ አለ። ከውጭ ለመጡ ሙሽሮች ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉላቸው፤ «8 ሰዓት» ለአንዱ ከሰዓት በኋላ፣ ለሌላው ጠዋት ነው።

ፍላሹ ዘገየ፣ ወይም አልበራም አለ

ብዙ ጊዜ መንስኤው ባትሪ ነው። ተራ አልካላይን ባትሪ ኃይሉን ቶሎ ቶሎ ማውጣት አይችልም። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ቻርጀብል፣ በአራት በአራት ታስሮ፣ በፕላስተር «1፣ 2፣ 3» ተብሎ የተጻፈበት ይሁን። አዲሱን ከአሮጌው አትቀላቅሉ፤ አንዱ ደካማ አራቱንም ይጎትታል።

ባትሪው ደህና ሆኖ ከሞቀና ከቆመ በሙሉ ጉልበት አብዝታችሁታል። አይኤስኦውን ከ400 ወደ 1600 አውጡት። ሁለት ስቶፕ ነው፤ ፍላሹ ለዚያው ብርሃን ከጉልበቱ አንድ አራተኛውን ብቻ ይጠቀማል፣ ቶሎም ይሞላል። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የፍላሹ ሳይሆን የትሪገሩ (ፍላሹን ከርቀት የሚያስነሳው መሣሪያ) ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች ናቸው።

ካርዱ አልነበብ አለ

በዚያ ካርድ አንድም ፎቶ አታንሱ፤ ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁም እሺ አትበሉ። አውጡና በጎኑ ያለውን መቆለፊያ ዝጉት። ሌላ ካርድ አንባቢ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ የተበላሸው አንባቢው ነው። ካልሆነ ፎቶሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አስነብቡት፣ የሚወጣውን ግን በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ።

ይህ አዲስ ካሜራ ከሚፈታቸው ችግሮች አንዱ ነው፦ ሁለት ካርድ የሚይዝ ካሜራ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ይጽፋል። ገንዘብ ካለ ለሜጋፒክስል ሳይሆን ለዚህ አውጡት። ባለ አንድ ካርድ ከሆነ ሙሉ ሠርጉን 256 ጊጋባይት ላይ አታከማቹ፤ በ32 ወይም በ64 ከፋፍሉት። ማታውኑ ሁለት ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ አንዱ ስቱዲዮ ይቀመጥ፣ አንዱ ቤት ይሂድ። ግልበጣው መሀል መብራት ቢጠፋ ዲስኩ እንዳይበላሽ ባትሪ ባለው ላፕቶፕ ሥሩ።

የሁለት ካሜራ ፎቶ ቅደም ተከተሉ ከተዘበራረቀ የካሜራዎቹ ሰዓት አልተስማማም። ሁለቱም አንድ የስልክ ሰዓት ፎቶ ያንሱ፤ በኋላ ልዩነቱን ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ በአንድ ጊዜ ማስተካከል ይቻላል።

ስክሪን ላይ ያማረው ሲታተም ጠቆረ

ስክሪናችሁ ከልክ በላይ በርቷል። ጠይም ፊት፣ ነጭ ቀሚስና ጥቁር ሱፍ ያለባቸውን ሦስት ፎቶዎች በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳትሙና መስኮት አጠገብ ይዛችሁ የስክሪኑን ብርሃን ከወረቀቱ ጋር እስኪመሳሰል አውርዱ። ማተሚያ ቤት ስትቀይሩ ድገሙት። ፋይሉ ማተሚያ ቤቱ ሌላ ካልጠየቀ በኤስአርጂቢ (sRGB በሚባለው የተለመደ የቀለም ዓይነት) ይሁን።

ዳር ያሉት አክስት ከተቆረጡ የወረቀቱ ቅርጽ ነው። ካሜራው 3 ለ 2 ስለሆነ 10 በ15፣ 20 በ30፣ 40 በ60 ሙሉውን ያወጣሉ። 20 በ25 ግን ከርዝመቱ አንድ ስድስተኛውን ይቆርጣል። ግሩፕ ስታነሱ ከግራና ከቀኝ ባዶ ቦታ ተዉ። አልበም ላይ ደግሞ ፊትን ከመሀል እጥፋት 2 ሴንቲ ሜትር አርቁ።

ደንበኛው ከቴሌግራም ያወረደውን ወስዶ ራሱ ቢያሳትም ካሬ ካሬ ይወጣበታል። በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ገደማ ይሆናል። 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ኢንች 81 ነጥብ ብቻ ነው፤ ጥሩ ኅትመት 300 ይፈልጋል። ለኅትመት ሲሆን በፋይል ላኩ።

ሶፍት ኮፒውን ወስደው ቀሩ

ሁሉንም በአንድ ፍላሽ ዲስክ አስረክባችሁ አልበሙን «በኋላ» ካላችሁ፣ ያ በኋላ አይመጣም። ሠርጉ ጥር ነው፤ ጾም ይገባል፣ ፋሲካ ያልፋል፣ ልጅ ይወለዳል። አልበሙ ከመጀመሪያው በውሉ ዋጋ ውስጥ ይግባ። በሳምንቱ 40 ያህል ፎቶ ለስልክ በሚሆን መጠን ስጧቸው፤ ሙሉው ሶፍት ኮፒ የአልበም ምርጫው ሲፈረም ይሰጥ። እንዲመርጡ 2000 ፎቶ አትላኩ፣ ይደክማቸዋል። ራሳችሁ 120 በቅደም ተከተል ደርድሩና የማይፈልጉትን እንዲያወጡ ብቻ ጠይቁ። 14 ቀን ስጡ።

ዋናው ገበያ ሙሽሮቹ ሳይሆኑ ወላጆች ናቸው። መልስ ላይ 20 ያህል የታተመ ፎቶና አንድ በፍሬም የተሠራ 30 በ45 ይዛችሁ ሂዱ። አባትና እናት ሊንክ አይከፍቱም፤ ወረቀቱን ግን በእጃቸው ይዘው ለእንግዳ ያሳያሉ። የሙሽሮቹን አልበም በ20 በ20 አሳንሶ ለሁለቱ ቤተሰብ መሥራት ዲዛይኑ ስላለቀ ኅትመቱን ብቻ ነው የሚያስወጣው። ለዚህ ግን በሠርጉ ቀን አያቶችና ሽማግሌዎች መነሳት አለባቸው። ዝርዝሩን ቤተሰቡን የሚያውቅ አንድ ሚዜ ይያዘው፤ ከአሥር ሰው በላይ ያለበትን ግሩፕ አምስት ጊዜ አንሱ፣ ዓይኑን የሚጨፍን አይጠፋም።

ሸጣችሁም ትርፍ ከሌለ ሒሳቡን እንደገና ሥሩ። ለምሳሌ ኅትመቱ 6000 ብር፣ ስምንት ሰዓት ዲዛይን በሰዓት 300 ሒሳብ 2400፣ ለድጋሚ ኅትመትና ለትራንስፖርት 600 ቢሆን 9000 ብር ወጥቷል። በ8000 የሚሸጥ ሰው ከኪሱ 1000 ጨምሮ እየሠራ ነው። የወረቀትና የቀለም ዋጋ ስለሚንር፣ የአልበሙ ዋጋ የሚጸናው ምርጫው በ60 ቀን ካለቀ ብቻ እንደሆነ በውሉ ጻፉ።

«ፎቶዬን ከገጻችሁ አውርዱ» ተባላችሁ

ሙሽሮቹ ለሥራው መክፈላቸው ለማስታወቂያ መፍቀዳቸው አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ስለዚህ ውሉ ላይ ለማኅበራዊ ሚዲያ አንድ፣ ለስቱዲዮ መስኮት አንድ፣ የተለያዩ «እፈቅዳለሁ፣ አልፈቅድም» ሣጥኖች ይኑሩ፤ ሙሽሪትም ሙሽራውም እያንዳንዳቸው ይፈርሙበት። የእንግዶችን ልጆች ለብቻቸው የሚያሳይ ፎቶ ከሆነ ወላጁን ሳትጠይቁ አትለጥፉ።