ከባሌስትራ ብረት የወገብ ካራ እንዴት እንደሚሰራ

ለወገብ ካራ ከመኪና ባሌስትራ የተሻለ ብረት በቀላሉ አይገኝም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም ጋራዥ አካባቢ፣ ውፍረቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር የሆነ ፈልጉ። ካርቦኑ 0.6 በመቶ ገደማ ስለሆነ በእሳትና በዘይት ይጠነክራል። ፌሮና ላሜራ ግን ካርቦናቸው ትንሽ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢለፋባቸው ስለት አይዙም። ከተጠራጠራችሁ ግራይንደር አስነኩት፤ የባሌስትራ ብልጭታ ጫፉ ላይ እየተበታተነ ይፈነዳል፣ የፌሮው ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ባሌስትራው መሃል ላይ ካለው የብሎን ቀዳዳ ራቁ፤ ብዙ የሠራ ብረት እዚያ ጋ ዓይን የማያየው ስንጥቅ አለው።

ለመቁረጥ መጀመሪያ አቅሉትና አመድ ውስጥ ቅበሩት። ሲያድር ስለሚለሰልስ በሴጌቶ 14 በ3 ሳንቲሜትር ቁረጡ።

ቅጥቀጣ

ከሰሉን በወናፍ አንድዱ። ብረቱ እንደ ብርቱካን ሲደምቅ መስፍ ላይ አውጥታችሁ ምቱት፤ ቀይነቱ ሲደበዝዝ ወደ እሳቱ መልሱ። የቀዘቀዘውን መምታት ይሰነጥቃል። ነጭ ሆኖ ብልጭታ የሚተፋ ብረት ደግሞ ተቃጥሏል፤ ያን ክፍል ቆርጦ ከመጣል በቀር መፍትሔ የለውም።

በቅድሚያ እጀታው ውስጥ የሚገባውን ጭራ ወደ 13 ሳንቲሜትር አርዝሙ፤ ቀጥሎ ጫፉን አሹሉ። የስለቱን በኩል ስታሳሱት ብረቱ በዚያ ወገን ስለሚረዝም ካራው ወደ ጀርባው ይቆለመማል። ብዙ ጀማሪ ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። ስለዚህ ከማሳሳታችሁ በፊት ጫፉን ወደ ስለቱ በኩል ትንሽ አጉብጡት፤ ስትመቱት ራሱ ይቃናል። የምትፈልጉት ካራ ከጭራው ሌላ ርዝመቱ 11፣ ወርዱ 2.5 ሳንቲሜትር፣ ጀርባው 4 ሚሊሜትር ነው።

ሲያልቅ ሦስት ጊዜ አቅልታችሁ ነፋስ በሌለበት አየር ላይ አቀዝቅዙት። በምት የተወጠረው ብረት ይረጋጋል፤ ይህን የዘለለ ሰው ካራው ዘይት ውስጥ ሲጣመምበት ያየዋል። በሞረድ ስታስተካክሉ ስለቱን 1 ሚሊሜትር ያህል ወፍራም ተዉት፤ ቀድሞ የሳሳ ስለት ዘይት ውስጥ ሲጠልቅ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ዘይትና እሳት

ካራው የሚድነውም የሚበላሸውም እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ። 4 ሊትር የምግብ ዘይት ጠለቅ ባለ የብረት ጣሳ ውስጥ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቁ። ቀዝቃዛ ዘይት ስለሚወፍር ሙቀቱን ቶሎ አይወስድም። ውሃ ግን ባሌስትራን ከመጠን በላይ ቶሎ ስለሚያቀዘቅዘው ብዙ ጊዜ ይሰነጥቀዋል። ለጣሳው የብረት ክዳን አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ ዘይቱ ቢነድ በክዳን እንጂ በውሃ አታጥፉ።

ብረቱን ጥላ ውስጥ አግሉ፤ በፀሐይ የእሳቱ ቀለም አይለይም። የቀጥቃጭ ጎጆ ጨለም የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ማግኔት ብረቱን መሳብ ሲያቆም ሙቀቱ 770 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፤ ትንሽ ጨምሩና ጫፉን ወደታች አድርጋችሁ ቀጥ ብሎ ይግባ። ጎን ለጎን የገባ ይጣመማል። ጭራው ከዘይቱ በላይ ይቅር፤ ለስላሳነቱ በኋላ ይፈለጋል። 15 ሰከንድ ያህል ወደ ጎን ሳትሉ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት። ሲበርድ ሞረድ ስለቱ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ጠንክሯል፤ የሚይዘው ከሆነ በቂ ሙቀት አላገኘምና ድገሙት።

አሁን ካራው እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፤ ከእጃችሁ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ በዚያው ቀን አለዝቡት። ኦቨን ካለ 200 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ። ከሌለ ካራውን በብርጭቆ ወረቀት አንጡ፤ ወፍራም ብረት አቅልታችሁ የካራውን ጀርባ አሳርፉበት። ቀለም ከጀርባው ተነሥቶ ወደ ስለቱ ይጓዛል። ስለቱ የገለባ ቀለም ሲይዝ ወዲያው ውሃ ውስጥ ንከሩት። ስለቱ ሰማያዊ ከሆነ ከመጠን በላይ ለስልሷል፤ ከዘይቱ ጀምሮ መድገም ነው።

የወይራ እጀታ

ወይራው ጥላ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር እጀታው ይላላል ወይም ይተረተራል። 11 ሳንቲሜትር ቁረጡና መሃሉን ከጭራው ትንሽ በጠበበ ትራፓኖ ከዳር እስከ ዳር ብሱ። ቀዳዳውን ለማስፋት የካራውን ጭራ አታግሉ፤ ሙቀቱ ስለቱን ያለሰልሳል። ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ሌላ ብረት አቅልታችሁ አስገቡበት፤ ከሰል የሆነውን ጠርጋችሁ አውጡ፣ ማጣበቂያ አይዝበትም።

ጭራውን በኤፖክሲ አጣብቁ፤ በሌላው ጫፍ ብቅ ባለው ጭራ ላይ የናስ ሮንዴላ አግብታችሁ የጭራውን አናት በትንሽ መዶሻ እየመታችሁ አስፉት። በነጋታው እጀታውን እንደ መዳፋችሁ ቅረጹ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ ሦስት ጊዜ የተልባ ዘይት ቀቡ። የቀባችሁበትን ጨርቅ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ተጨብጦ የተጣለ በራሱ ሊነድ ይችላል።

ስለቱን በመጨረሻ በድንጋይ 20 ዲግሪ ገደማ አጋድማችሁ ሳሉ። ለሰገባው 3 ሚሊሜትር ቆዳ በቂ ነው፤ የቀበቶ ማስገቢያውን አብራችሁ ስፉ፣ ስለቱ ክሩን እንዳይበጥስ በስፌቱ በኩል አንድ ቀጭን ቆዳ ጣልቃ አስገቡ። ካራውን ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ ግን ዘይት ቀብታችሁ ከሰገባው ውጭ አስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ብረቱን ያዝገዋል።