ኮንቮሉሽንን በወረቀት እንዴት እንደምንሠራ

አዳማ ውስጥ ለምህንድስና ተማሪዎች ቱቶሪያል እሰጣለሁ። ኮንቮሉሽን ሁለት ሲግናሎችን (በጊዜ የሚለዋወጡ መጠኖችን) ወስዶ፣ አንዱን ገልብጦ በሌላው ላይ እያንሸራተተ፣ እያባዛና እየደመረ ሦስተኛ ሲግናል የሚያወጣ ስሌት ነው። «ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ» በሚባለው ኮርስ እዚህ ላይ ስንደርስ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «አንዱን ሲግናል ለምን እንገለብጠዋለን?» መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። መልሱን ሳያገኝ ቀመሩን የሸመደደ ተማሪ የኢንተግራሉ ወሰን (ድምሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ) ላይ ይጠፋበታል። ስለዚህ ማትላብም ሆነ ፓይተን (በኮምፒውተር ማስሊያዎቹን) ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት አውጡ።

እህቴ ፍራንኮ አካባቢ ፔንሲዮን ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። አዳማ የስብሰባ ከተማ ስለሆነች እንግዳ አይጠፋም። ለስሌት እንዲመች ቁጥሩን እኔ ልስጣችሁ፦ ሐሙስ 4 ሰው ገባ፣ ዓርብ 8፣ ቅዳሜ 12፤ ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። የገቡት ሁሉ የመጀመሪያውን ሌሊት ያድራሉ፤ ሁለተኛውን ግማሾቹ፣ ሦስተኛውን ሩባቸው፣ ከዚያ ሁሉም ሄደዋል። በየሌሊቱ ስንት ሰው ያድራል?

ቅዳሜን እንሥራ። የዕለቱ ገቢዎች 12 ናቸው። ከዓርቦቹ ግማሹ፣ 4። ከሐሙሶቹ ሩቡ፣ 1። ድምሩ 17። የመግቢያው ቀን ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር የቆይታው ሌሊት ወደ ፊት እየሄደ ነው። ግልበጣው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ቀድሞ የገባ ሰው ብዙ ሌሊት አሳልፏል።

አሁን ሁለት የወረቀት ቁራጮች ቅደዱ። በአንዱ ላይ 4፣ 8፣ 12 ጻፉ። በሌላው ላይ ቆይታውን ገልብጣችሁ ሩብ፣ ግማሽ፣ 1 ጻፉና ከግራ ወደ ቀኝ ከሥር አንሸራቱት። በየእርምጃው ፊት ለፊት የተገናኙትን አባዙና ደምሩ፦ 4፣ 10፣ 17፣ 8፣ 3። ሦስትና ሦስት ቁጥር ገብቶ አምስት ወጣ፤ ርዝመቱ ምንጊዜም የሁለቱ ድምር ሲቀነስ 1 ነው። ማረጋገጫም አለው፦ የገቢዎቹ ድምር 24፣ የቆይታው ድምር 1.75፤ ብዜታቸው 42። የመልሳችሁም ድምር 42 ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የቆይታው ልማድ ለየቀኑ ገቢ አንድ ዓይነት ስለሆነና አንዱ እንግዳ ሌላውን ስለማያስወጣ ነው። ሊኒየር እና ታይም ኢንቫሪያንት የሚባለው ይኸው ነው። ፔንሲዮኑ ሞልቶ ሰው መመለስ ከጀመረ ኮንቮሉሽን አይሠራም።

ጊዜው በቀን በቀን ሳይቆራረጥ ሲቀጥል ድምሩ ኢንተግራል ይሆናል፤ ያኔ ዋናው ሥራ ወሰኑ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከ0 እስከ 1 ድረስ ቁመቱ 1፣ ከዚያ ውጭ 0 የሆነ ፐልስ፣ ከዜሮ ጀምሮ ኢ^(−ቲ) እያለ ከሚቀንስ ኢምፐልስ ሪስፖንስ (ሲስተሙ ለአንድ ቅጽበታዊ ግፊት የሚሰጠው ምላሽ፤ በፔንሲዮኑ የቆይታው ልማድ) ጋር እንውሰድ። ቲ ጊዜው ነው፤ ኢ ደግሞ 2.718 ገደማ የሆነው ቁጥር። ሬዚስተርና ካፓሲተር ያለው ሰርኪዩት እንዲህ ነው፣ ታይም ኮንስታንቱ (የመቀነሻ ፍጥነቱን የሚወስነው ጊዜ) 1 ከሆነ። የትኛውም ቢገለበጥ መልሱ አንድ ስለሆነ ቀላሉን፣ ፐልሱን፣ ገልብጡ። የተገለበጠው ፐልስ ከ(ቲ−1) እስከ ቲ ያለውን ቦታ ይይዛል። ሥዕሉን ሳትሥሉ ኢንተግራል አትጻፉ፤ ተማሪዎቼን በዚህ ነገር በጣም አስቸግራቸዋለሁ።

ቲ ከ0 በታች ሲሆን ሁለቱ አይነካኩም፤ መልሱ 0። በ0 እና በ1 መካከል ፐልሱ በከፊል ገብቷል፤ ወሰኑ ከ0 እስከ ቲ፣ መልሱ 1−ኢ^(−ቲ)። ከ1 በላይ ሙሉ በሙሉ ገብቷል፤ ወሰኑ ከ(ቲ−1) እስከ ቲ፣ መልሱ (ኢ−1) ሲባዛ በኢ^(−ቲ)። ቲ=1 ላይ ሁለቱም ቀመሮች 0.632 ገደማ መስጠት አለባቸው። ካልተገጣጠሙ ወሰኑን እንደገና እዩ።

ሲግናሉ ሲረዝም ኮምፒውተሩ ያግዛል። ሁለት ባለ1000 ቁጥር ሲግናሎች በቀጥታ ሲሠሩ 1,000,000 ማባዛት ይጠይቃሉ። ኩሊ እና ቱኪ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ፋስት ፉሪየር ትራንስፎርም (ሲግናልን ወደ ተሠራባቸው ድግግሞሾች በፍጥነት የሚበትን ዘዴ) ግን ሁለቱን ወደ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ወደ ድግግሞሽ፣ ቀይሮ፣ አባዝቶ መመለስ ይቻላል፤ ሥራው በእጅጉ ይቀንሳል። አደጋው መጨረሻ ላይ ዜሮ መጨመር መርሳት ነው። የፔንሲዮኑን ቁጥር በዚህ ዘዴ ዜሮ ሳትጨምሩ በ3 ቦታ ብቻ ብትሠሩት ትርፉ ወደ መጀመሪያው ይዞርና 12፣ 13፣ 17 ይወጣል፤ የእሑዱ 8 ሐሙስ ላይ፣ የሰኞው 3 ዓርብ ላይ ተደርቧል። ድምሩ አሁንም 42 ስለሆነ የቅድሙ ማረጋገጫ ይህን ስህተት አይዝም። ሁለቱንም በዜሮ ሞልታችሁ ቢያንስ 5 አድርሷቸው፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ቁጥር እዩ። ከ4 ሌላ ነገር ከወጣ ዜሮው አልበቃም።