«ቲቸር፣ ወደ ሳይኮሎጂ ልቀይር ነበር»፦ ተማሪዎች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

ስሙ አቴንዳንሱ ላይ አለ። ግን የታተመ አይደለም። ከመጨረሻው ተማሪ ሥር «43» ብሎ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ራሱ ጽፎታል። ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ከፊት እየተቀመጠ ተምሯል። አሳይመንት አስረክቧል። ሚድ ላይ ከክላሱ አራተኛ ወጥቷል። ውጤቱን ላስገባ ሲስተሙን ስከፍት ግን ያለኝ ተማሪ 42 ብቻ ነው።

ቢሮ አስጠራሁት።

«አንተ የማን ተማሪ ነህ?»

«የእናንተ ነኝ ቲቸር። ወደ ሳይኮሎጂ ቀይሬያለሁ። ሴሚስተሩ ሲጀመር ሄጄ ስነግራቸው ‹ችግር የለም፣ ክላስ ግባ› አሉኝ።»

«እነማን?»

«እ... ቢሮ የነበሩት ሰውዬ።»

ሰውዬው ማን እንደሆኑ እስካሁን አልታወቀም። ወረቀቱ እንደሚለው ልጁ የድሮ ዲፓርትመንቱ ተማሪ ነው። እዚያ ደግሞ ሁለት ወር ክላስ ገብቶ አያውቅም። እኛ ጋ ውጤት አለው፣ ስም የለውም። እዚያ ስም አለው፣ ውጤት የለውም። መጨረሻ ላይ ዊዝድሮ (ትምህርት የማቋረጫ ፎርም) ሞልቶ፣ ሻንጣውን ይዞ አገሩ ገባ።

ሐዋሳ ላይ ሳይኮሎጂ ሳስተምር እንዲህ ያለ ተማሪ ሲገጥመኝ ሦስተኛዬ ነው። ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው የምጽፈው።

በቃል የሚቀየር ዲፓርትመንት የለም። «እሺ ብለውኛል» የሚባል ፎርም የለም። የምትለቁት ክፍል ፈርሞ ይልቀቃችሁ። የምትገቡበት ፈርሞ ይቀበላችሁ። ሬጅስትራር ይወቀው። ያ ሁሉ ካለቀ በኋላም አትመኑ፤ የምዝገባ ስሊፓችሁን አውጡና ኮርሶቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ እየነካችሁ አንብቡ። የእያንዳንዱን ወረቀት ኮፒ ያዙ። ፎቶም አንሡት። ስማችሁ በሌለበት ክላስ ብትቀመጡ እንግዳ ናችሁ። እንግዳ ደግሞ ቡና ይቀርብለታል እንጂ ግሬድ አይሰጠውም።

ጊዜውም አለ። የአድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ የሚጨመርባቸውና የሚጣልባቸው) ቀናት ካለፉ በኋላ የሚመጡ ልጆች ፊታቸው ያሳዝነኛል። ግን እንባ ሲስተም አይከፍትም። «አንድ ሳምንት ብቻ ነው ያለፈው» ይሉኛል። አዎ፣ አንድ ሳምንት ነው። ዋጋው ግን አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል። እንዴት? እኛ ጋ አንድ ኮርስ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። ስታቲስቲክስ ያልወሰደ ሪሰርች ሜቶድ አይወስድም። ሪሰርች ሜቶድ ያልወሰደ ሲኒየር ኤሴይ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፍ፣ አይጽፍም። የመጀመሪያዋን ያመለጠው ከታች የሚመጣውን ባች ቆሞ ይጠብቃል፤ ጓደኞቹ ጋውን ሲለብሱ እሱ ፎቶ አንሺ ነው።

ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት የኮርስ ዝርዝሩን ከዲፓርትመንቱ ተቀበሉ። ከሲኒየር አትስሙ። ሲኒየር የሚነግራችሁ የትኛው አስተማሪ ግሬድ እንደሚሰጥ ነው።

ቀጥሎ ያለው ስህተት ይበልጥ ያበሳጨኛል፤ ምክንያቱም ከጎበዞች ነው የሚመጣው። «ፍሬሽማን (አንደኛ ዓመት) ላይ ጄነራል ሳይኮሎጂ ኤ አምጥቻለሁ» ይላሉ። ጎሽ! ግን በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ከተመለሰ ወዲህ ያን ኮርስ ኢንጂነሪንግ የሚገባውም አካውንቲንግ የሚገባውም ይወስደዋል። በር ላይ የሚቀመስ ቁርስ ነው። ትርጉም መሸምደድ የቻለ ኤ ያመጣል። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሌላ ነው።

ሳሎኑ ውስጥ ቁጥር አለ። በየዓመቱ ስታቲስቲክስ ስጀምር ከኋላ አንድ ልጅ «እኔ እኮ ማትስ ሸሽቼ ነው ሶሻል የገባሁት» ይላል። ክላሱ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ቾኩን አነሣለሁ።

ሳይኮሎጂ ራሱን የቻለ ሳይንስ ሆነ የሚባለው ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ላይፕዚግ፣ ጀርመን ውስጥ ላቦራቶሪ ሲከፍት ነው። ላቦራቶሪ ነው የከፈተው፣ ሶፋ አልዘረጋም። ከእሱ በኋላ ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ቁጭ ብሎ ይሸመድድ ነበር። ከዚያ ከስንት ሰዓት በኋላ ስንቱን እንደረሳ ቆጠረ። የተፈተነውም ራሱ፣ ፈታኙም ራሱ። ውጤቱን በ1885 አሳተመ። ስለ መርሳት የምናወራው ሁሉ መነሻው የዚህ ሰው ቆጠራ ነው። ፍሮይድን፣ ያን ታካሚውን ሶፋ ላይ አስተኝቶ የሚያናግረውን ሐኪም፣ ፈልጋችሁ ለምትመጡ፦ አለ፣ ትማሩታላችሁ፣ ግን ቤቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያ ቀን ቦርድ ላይ የምጽፈው ይህን ነው። አንድ ዶርም ውስጥ አምስት ልጆች አሉ። ማታ የሚተኙት ለ4፣ ለ6፣ ለ6፣ ለ7 እና ለ7 ሰዓት ያህል ነው። አማካዩ ስንት ነው? ድምሩ 30፣ ለ5 ሲካፈል 6። «ዶርሙ ጤነኛ ነው» ይላል አንዱ። እሺ። አሁን እያንዳንዱ ልጅ ከ6 ምን ያህል እንደሚርቅ አስሉ። አንዱ በ2 ያንሳል፣ ሁለቱ እዚያው ናቸው፣ ሁለቱ በ1 ይበልጣሉ። ርቀቱን በራሱ አባዙት፦ 4፣ 0፣ 0፣ 1፣ 1። ድምሩ 6፣ ለ5 ሲካፈል 1.2። ስኩዌር ሩቱ 1.1 ገደማ። ይህ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው፤ ልጆቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደተበታተኑ ይነግራችኋል።

ከዚያ እጠይቃለሁ፦ «ከስድስቱ ድምር ውስጥ አራቱን ያመጣው ማነው?» ክላሱ ጸጥ ይላል። ያ ለ4 ሰዓት ብቻ የሚተኛው ልጅ ነው። አማካዩ «6» ብሎ ሸፍኖት ነበር። እናንተ «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብላችሁ የመጣችሁለት ልጅ እሱ ነው። ሳትቆጥሩ አታገኙትም።

ይህ ሒሳብ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብላችሁ ልትሠሩት የሚያስጠላችሁ ከሆነ፣ ዲፓርትመንቱን ሳይሆን ሐሳቡን ወዳችሁታል ማለት ነው። መጽሐፍ እያነበባችሁ ልትወዱት ትችላላችሁ፤ አራት ዓመት መስጠት የለባችሁም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሳትመረቁ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ስታቲስቲክስን በኩረጃ ያለፈ ልጅ እዚያ ላይ ብቻውን ነው።

«ሰው ችግሩን ሁሌ ለእኔ ነው የሚነግረኝ።» ደስ ይላል፤ የመግቢያ መስፈርት ግን አይደለም። የፀጉር ሠሪዬም እንዲሁ ነው።

ጓደኛ ስለሞላው ሳይኮሎጂን መሙላት። አታድርጉት።

ሲጂፒኤ (የሁሉም ሴሚስተር ውጤት አማካይ) በአዲስ ይጀምርልኛል ብሎ መቀየር። አይጀምርም። የፍሬሽማን ግሬዳችሁ እስከ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ይከተላችኋል።

አንድ ቀን አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ሄጄ ባጃጅ ሾፌሩ አብሮኝ ተቀመጠ። ሥራዬን ሲሰማ «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» አለኝ። «ጥብሱ ለምን ዘገየ እያልክ ነው» አልኩት። አፉን ይዞ ቀረ። ይህን የማወራው ሰው ማንበብ እንማራለን ብለው የሚመጡ ልጆች ስላሉ ነው። ከዓሣ ጥብስ ያለፈ ማንበብ አንችልም።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ራሳቸውን ለማከም የሚመጡ አሉ። ብዙዎች ናቸው፣ አልቆጣቸውም። ቤት ውስጥ አንድ ነገር አይተዋል፣ ወይም ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳቸውም፣ «ተምሬ ራሴን ልረዳ» ይላሉ። ምክንያቱ አያሳፍርም። ግን ክላስ ሕክምና አይደለም። አብኖርማል ሳይኮሎጂን፣ ስለ አእምሮ መታወክ የሚያወራውን ኮርስ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ብቻቸውን የሚያነቡ ልጆች የእያንዳንዱን ምዕራፍ በሽታ ራሳቸው ላይ ያገኛሉ። የግቢው የምክር አገልግሎት ቢሮ ሂዱ፣ ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍል ሂዱ። ትምህርቱን ከፈለጋችሁት ከዚያ ጎን ለጎን ተማሩት። እኔ አስተማሪያችሁ ነኝ፤ ግሬድ የሚሰጣችሁ ሰው ሐኪማችሁ መሆን የለበትም።

ሌላውን በሽተኛ ማድረግ ደግሞ የሁለተኛ ዓመት ወረርሽኝ ነው። እኔም ይዞኝ ነበር። ለእረፍት ቤት ገብቼ እናቴን ሦስት ቀን ስከታተል ቆየሁ። ሌሊት ትነሣለች፣ በሩን ደግማ ታያለች፣ በትንሽ ነገር ትደነግጣለች። በአራተኛው ቀን ቡና እያፈላች ሳለ፣ በሙሉ ድፍረት፣ «እማዬ፣ አንቺ የጭንቀት መታወክ አለብሽ» አልኳት። ረከቦቱን እያስተካከለች ቀና ብላ አየችኝና «ልጄ፣ ስድስት ልጅ ያሳደገ ሰው ምን እንዲኖርበት ፈልገህ ነው?» አለች። ሌሊት የምትነሣው እኔ እስክገባ ስለምትጠብቅ ነበር። ዶርም ያሉ ጓደኞቼንም እንዲሁ አድርጌያቸዋለሁ፤ አንዱ ዛሬም ሲያገኘኝ «ባይፖላሩ መጣልህ» ይለኛል።

ሥራስ? «ዲግሪዬን ይዤ ቢሮ እከፍታለሁ» የሚሉ አሉ። በመጀመሪያ ዲግሪ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት አትሆኑም፤ ማስተርስ ያስፈልጋል። ከተመራቂዎቻችን ትምህርት ቤት የሚያማክሩ አሉ፣ ከተፈናቀሉ ሰዎች ጋር በሳይኮሶሻል ድጋፍ የሚሠሩ አሉ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በሰው ኃይል ክፍል የገቡም አሉ። ሠራተኛ ለምን ሥራ እንደሚለቅ የሚጠይቅ ሰው እዚያ ይፈለጋል፤ መልሱንም በሠንጠረዥ ነው የሚፈልጉት። ቁጥሩ ተከትሏችሁ ሄደ ማለት ነው።

የመጨረሻው ስህተት ቤተሰብን ማታለል ነው። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው ከይርጋለም ተነሥተው ቢሮዬ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ልጃቸው «የአእምሮ ሐኪም ልሆን ነው» ብላቸው ኖሯል፤ እሳቸውም ለመንደሩ ሁሉ ተናግረዋል።

«መምህር፣ ልጄ ስትጨርስ መርፌ ትወጋለች?»

«አትወጋም አባቴ።»

«መድኃኒትስ ታዛለች?»

«አታዝም። መድኃኒት የሚያዘው ሳይካትሪስት ነው፤ እሱ መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆኖ፣ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው። እዚህ አገር ስልጠናው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሕክምና የሚገባው ደግሞ በናቹራል ሳይንስ በኩል ነው። ልጅዎ በሶሻል ነው የገባችው።»

ትንሽ ዝም አሉ።

«ታዲያ ምን ታደርጋለች?»

ሰው ሲጨነቅ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች፣ ትጠይቃለች፣ ባልና ሚስት ሲጋጩ ታነጋግራለች፣ ችግሩ ከየት እንደመጣ አብራ ትፈልጋለች አልኳቸው። ማስተርሱንም ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡና ሳቁ።

«እሱንማ እኛ ሽማግሌዎቹ በነፃ ነው የምንሠራው» አሉ።

ልጅቷን አስጠርተናት ሦስታችን ግቢ በር ላይ ካለችው ጀበና ቡና ሄድን። ሒሳቡን እሳቸው ከፈሉ።