የስድስት ወር ሕፃን የመጀመሪያ ገንፎ፦ አዘገጃጀቱና አበላሉ

ብዙ ቤት ውስጥ ሕፃን ምግብ የሚጀምረው በቀጭን አጥሚት ነው። «ገና ጨቅላ ነው፣ ወፍራም ያንቀዋል» ይባላል። የስድስት ወር ልጅ ሆድ ግን ትንሽ ናት። ቀጭን አጥሚት ከጠጣ ሆዱ ይሞላል፣ እንቅልፍም ይወስደዋል፤ ወደ ሰውነቱ የገባው ግን አብዛኛው ውሃ ነው። «ይበላል እኮ፣ ለምን አይወፍርም?» ለሚለው የእናቶች ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚሁ ጋ ነው። ከዚህ በታች ካለው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ፣ ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ይሁን የሚለውን ይያዙ።

መቼ ይጀመር?

እስከ ስድስት ወር የጡት ወተት ብቻውን ይበቃል። ውሃም አያስፈልገውም፣ ቆላ ሙቀት ውስጥ ቢሆኑም። የዓለም ጤና ድርጅትም የእኛው ጤና ሚኒስቴርም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ስድስት ወር የተባለውም በዘፈቀደ አይደለም፦ ሕፃኑ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው የብረት ማዕድን በዚያ ዕድሜ ገደማ እያለቀ ይሄዳል፣ በጡት ወተት ያለው ደግሞ ጥቂት ስለሆነ አይተካውም። ስለዚህ ማዘግየቱም ይጎዳል። «ጡቴ በቂ ነው» ብለው እስከ ስምንትና ዘጠኝ ወር የሚቆዩ እናቶች አሉ፤ ልጁ ደስተኛ ቢመስልም ደም ማነሱ ውስጥ ለውስጥ ይጀምራል።

ከዕድሜው ሌላ ልጁንም ይዩት። ደገፍ ሲያደርጉት ይቀመጣል? አንገቱ ጸንቷል? እርስዎ ሲጎርሱ እጅዎን በዓይኑ እየተከተለ አፉን ይከፍታል? ከሆነ ዝግጁ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ከሆነ ግን ሐኪሙን ሳያማክሩ አይጀምሩ።

ዱቄቱን ማዘጋጀት

አሁን አሁን አሥራ ምናምን ዓይነት እህል፣ ለውዝና ሱፍ አንድ ላይ ያስፈጨ ሰው እንደ ጎበዝ ይቆጠራል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክረውም። አንዱ ካልተስማማው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ቅባት ያለው ዱቄት ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። የሻገተ ለውዝ ወይም በቆሎ ከገባበት ቢቆሉትም ቢያበስሉትም መርዙ አይጠፋም።

ሦስት እጅ እህል ለአንድ እጅ ጥራጥሬ በቂ ምጥን ነው። ለምሳሌ ሦስት ኩባያ የተፈተገ ገብስ ከአንድ ኩባያ ሽምብራ ጋር። ገብስ ከሌለ አጃ፣ ጤፍ ወይም በቆሎ፤ በሽምብራ ፋንታ አተር ወይም ምስር ይሆናል። የጥራጥሬው ፕሮቲን በእህሉ ውስጥ የጎደለውን ይሞላል፣ የእህሉም እንደዚሁ፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ አይፍጩ።

ለቅመው፣ አጥበው፣ ፀሐይ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ። ከዚያ ለየብቻ ለስለስ ባለ እሳት ቆላ ያድርጓቸው። አብረው ከተቆሉ ሽምብራው ሳይበስል ገብሱ ያርራል። ሽምብራው ተከክቶ ገለባው ከወጣ በኋላ ይቀላቀሉ። ወፍጮ ቤት ሲደርሱ ከእርስዎ በፊት ምን እንደተፈጨ ይጠይቁ፤ በርበሬ ከሆነ ሌላ ወፍጮ ይፈልጉ ወይም ቀን ይቀይሩ። ባለወፍጮው «ምንም አይል» ቢልም አይስሙት፣ ጣት የማይሰማው በርበሬ የሕፃን አፍ ያቃጥላል። ተነፍቶ ሲመጣ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ያስቀምጡት፤ ከወር የማይበልጥ ያህል ብቻ ያስፈጩ።

ውጭ አገር ሆነው ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ዱቄት የሚጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ ያሽትቱት። ከሻተተ ወይም ከመረረ ሐዘኔታ ሳያደርጉ ይድፉት። እዚያ በሱቅ ያለው ብረት የተጨመረበት የሕፃናት ገንፎ ለዚህ ዕድሜ ደህና ምግብ ነው።

ማብሰል

እጅዎንም ዕቃውንም በሳሙና ይታጠቡ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው እንዳይጓጉል ያሹት። ጠቅላላ ውሃው ሦስት አራተኛ ኩባያ ገደማ ይሁን፤ ቀሪውን አፍልተው ብጥብጡን እያማሰሉ ይጨምሩ። እሳቱን ቀንሰው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ያለማቋረጥ ያማስሉ፣ የጥሬ ዱቄት ሽታው እስኪጠፋ።

ከዚያ በማንኪያ ዝቀው ዘንበል ያድርጉት። ቶሎ ከፈሰሰ ቀጥኗል፣ ትንሽ ይብሰል። ማንኪያው ላይ ቆይቶ ቀስ ብሎ ከወደቀ ልክ ነው። እንደ አዋቂ ገንፎ ድርቅ ካለ ደግሞ በታለበ የጡት ወተት ያላሉት። ውሃ አይጨምሩ፣ የደከሙበትን መልሶ ማቅጠን ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ጣል ያድርጉበት። ስኳር አያስፈልገውም፤ ጨውም እንዲሁ፣ ጣዕሙ የጎደለው ለእርስዎ ምላስ ነው።

ገንፎው ብቻውን ከተለመደ በኋላ በሁለት በሦስት ቀን አንድ አዲስ ነገር ይጨምሩ፦ በደንብ የተቀቀለና የተፈጨ እንቁላል፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ተቀቅሎ የላመ የጎመን ቅጠል፣ ደቆ የተፈጨ ጉበት ወይም ሥጋ። ብረት ፍለጋ ከሆነ የሚበልጠው ጉበቱና ሥጋው ነው። ፓፓያና ብርቱካን ደግሞ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት እንዲዋሃድ ያግዛሉ። አዲሱን ምግብ ጠዋት ወይም ቀትር ላይ ያስቀምሱ፣ ቢያሳብጠው ወይም ሽፍ ቢልበት ቀን ላይ እንዲያዩት። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከንፈሩ ካበጠ ጊዜ ሳያጠፉ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

ማብላት

የመጀመሪያ ቀን ሁለት ሦስት የሻይ ማንኪያ ይበቃል፣ እሱም ጡት ትንሽ ከጠባ በኋላ፣ ሳይርበው ሳይነጫነጭ። ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት። የማንኪያውን ጫፍ ከንፈሩ ላይ አስነክተው እሱ አፉን እስኪከፍት ይጠብቁ። መጀመሪያ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ግማሹን በምላሱ መልሶ አገጩ ላይ ያወጣዋል። ይሄን ጊዜ አያት «አልጣመውም፣ ተዪው» ይላሉ። ጣዕም አይደለም፣ ከመጥባት ሌላ መዋጥ ገና አልተማረም። ከአገጩ ጠርገው በማንኪያው መልሰው ይስጡት። አንድ ምግብ እስኪለምድ ብዙ ጊዜ መቅመስ ሊኖርበት ይችላል፤ ዛሬ እንቢ ያለውን ከቀናት በኋላ ይበላዋል።

አፍንጫ ይዞ፣ በእጅ መዳፍ አፉን ገጥሞ መጋት የሚባለውን ይተዉት። ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ልጁም ማንኪያ ሲያይ ማልቀስ ይማራል። ጭንቅላቱን ካዞረ በቅቶታል።

ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ቀስ በቀስ እስከ ግማሽ ኩባያ። ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ሦስት አራት ጊዜ፣ በመካከሉ ሙዝ ወይም አቮካዶ ጨምሮ፤ ያኔ እንጀራ በአልጫ ወጥ ፍትፍት አድርጎ ከቤተሰቡ ጋር መብላት ይችላል። ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ጡጦ አይለማመድ፣ የጡጦውን ጫፍ ማጽዳት አስቸጋሪ ነው፤ ውሃ ከሆነ በኩባያ ይጠጣ።

ጾም ከገባስ?

ስድስት ወሩ የሞላው ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ከሆነ፣ ብዙ ቤት እንቁላሉና ቅቤው ለ55 ቀን ይቀርበታል። ልጁ ይጹም ብሎ አይደለም፣ ዕቃው እንዳይነካ ነው። ቤተ ክርስቲያን ልጅን ጾም የምታስጀምረው ከሰባት ዓመቱ ነው፤ ሕፃን አይጾምም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ሳህን ለእሱ ብቻ ይለዩ፤ የሚታጠቡበትም ለብቻ ይሁን። ሁለት ወር ገደማ ለአዋቂ አጭር ነው፤ ለስድስት ወር ልጅ ግን የዕድሜው ሲሶ ገደማ ነው።

የማይሰጡ

ማር ዓመት ሳይሞላው በፍጹም፣ ጫፍ ምላስም ቢሆን፤ የሕፃን አንጀት የማይቋቋመው መርዛማ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ሻይና ቡና ብረቱን ይዘው ያስወጡታል። ቆሎ፣ ሙሉ ለውዝ፣ ጥሬ ካሮትና ሙሉ የወይን ፍሬ ያንቃሉ። የላም ወተት በገንፎው ውስጥ መግባት ይችላል፣ ዓመት ሳይሞላው ግን በጡት ፋንታ አይስጡት።

ልጁ መብላት ሲያቆም «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» ወይም «የወተት ጥርሱ ይነቀል» የሚል ምክር ይመጣል። ሁለቱም ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ከመዳረግ በቀር የሚፈይዱት የለም። በዚያ ፋንታ ጤና ጣቢያ ሄደው ክብደቱን ያስመዝኑ። ስድስት ወር ላይ የቫይታሚን ኤ ጠብታ፣ ዘጠኝ ወር ላይ የኩፍኝ ክትባት ስላለው ካርዱን ይዘው ይሂዱ።

ሲታመም ጡቱንም ገንፎውንም አያቋርጡ፤ ትንሽ ትንሹን ደጋግመው ይስጡት። ካገገመ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይብላ። ጭራሽ መጥባት ካቆመ፣ የገባለትን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ፈዞ ካልነቃ፣ ገንፎውን ትተው በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።