ቤቱ የቀረውን ታካሚ ማን ይቁጠረው? ስለ ድሃ ታካሚዎች በሚደረጉ ጥናቶች ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ሕክምና ያገኛሉ ወይ? ካገኙስ ይሻላቸዋል ወይ? በዚህ ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን አንብቤያለሁ። አንዳንዶቹ ላይ የራሴም እጅ አለበት። ስህተቶቹ መልካቸው ይለያይ እንጂ ዘራቸው አንድ ነው፤ ያገኙትን ሰው ቆጥሮ ያላገኙትን መርሳት።

የተሰለፈውን ብቻ መጠየቅ

መረጃ ሰብሳቢው መጠይቁን ይዞ ጤና ተቋም ይሄዳል። ወረፋ የያዙትን "ሕክምና ለማግኘት ተቸግረዋል?" ይላቸዋል። አብዛኞቹ "ኧረ ደህና ነው" ይላሉ። ለምን አይሉ? እነሱ እኮ የደረሱት ናቸው። መሳፈሪያ ያጣው፣ የቀን ሥራውን ጥሎ መምጣት ያልቻለው፣ ባለፈው ተመናጭቆ የተመለሰው ሰው እዚያ የለም። ጥናቱ ስለ ተደራሽነት ከሆነ ቤት ለቤት መሄድ ግድ ነው። በጀቱ ካልፈቀደ ርዕሱ ይቀየር፤ "የተገልጋዮች እርካታ" ይባልና ይለቅ።

ዜሮ ወጪን እንደ ምሥራች ማየት

ይቺን እኔም ሠርቻታለሁ። በዓለም አቀፍ ደረጃ ሲሠራበት የቆየ አንድ መለኪያ አለ፦ ቤተሰቡ ከጠቅላላ ወጪው ወይም ገቢው ከ10 በመቶ በላይ ለሕክምና ከኪሱ ካወጣ ተጎድቷል ይባላል። ጠበቅ ያለው ደግሞ 25 በመቶ ነው። ሰንጠረዡን ሠርቼ ሳየው ከሁሉም ትንሽ ያወጡት ከሁሉም የደኸዩት ሆኑ። ደስ ብሎኝ "ከወጪ ጫና የተጠበቁ ናቸው" ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁን ያነበበ አንጋፋ ባልደረባዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ "ለመሆኑ ታመው ታከሙ ወይስ ታመው ተኙ?"

መልስ አልነበረኝም። መጠይቄ ውስጥ ጥያቄው ራሱ አልነበረማ። ንብረቱን ሽጦ ልጁን ያሳከመ አባት በዚህ መለኪያ "ተጎጂ" ነው። የሚሸጥ አጥቶ ልጁን ቤት ያስተኛው ግን ዜሮ ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ከወጪ በፊት ሌሎች ጥያቄዎች ይቅደሙ። ባለፈው ወር የታመመ ነበር? ታከመ? ካልታከመ ለምን? ገንዘቡስ ከየት መጣ፣ ከቁጠባ፣ ከብድር ወይስ ከእራት ተቀንሶ?

ወጪን የሕመም መጠን ማድረግ

የቀደመው ስህተት ወንድም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት፣ በአሜሪካ ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልጋቸውን ታካሚዎች የሚለይ የኮምፒውተር ስልት መርምሮ ነበር። ስልቱ የሕመምን ክብደት የሚገምተው በሕክምና ወጪ ነው። በዚያ አገር ደግሞ ሕመማቸው እኩል ሆኖ ሳለ ለጥቁር ታካሚዎች የሚወጣው ገንዘብ ያነሰ ነበር። ውጤቱስ? ስልቱ ከነሕመማቸው ጤነኞች አደረጋቸው። ጥናቱ ያየው የዘር ልዩነትን ነው፤ ለድህነትም ሒሳቡ ያው ነው።

"ክትትል ያቋረጡ" ብሎ ከሒሳብ ማውጣት

የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጀምረው የጠፉ ታካሚዎችን ፈልገው ያገኙ ጥናቶች አሉ። ከጠፉት ቀላል የማይባሉት ሞተው ነው የተገኙት። ሌሎቹ ሳይናገሩ ወደ ሌላ ተቋም ተዛውረዋል። ሁለቱንም አውጥተን የቀሩትን ብቻ ስናሰላ ውጤቱ ያምራል፣ እውነቱ ግን ይቀራል። የፍለጋ በጀት ከመጀመሪያው ይያዝ። የድሃ ሰው ስልክ ቶሎ ይቀየራል፤ ፈቃዱን ጠይቃችሁ የአንድ ዘመድ ቁጥርም ያዙ።

መድን፣ ምርመራና መዳንን አንድ ማድረግ

እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ለድሆች የሚሰጠውን የጤና መድን በዕጣ አደለች። 90,000 ያህል ሰው ተመዝግቦ 30,000 ለሚሆኑት ዕጣ ወጣ። (ዕጣ የወጣለት ሁሉ መድን አላገኘም፤ ቅጽ መሙላቱ ላይ ብዙ ሰው ቀርቷል። ይሄ ራሱ አንድ ግኝት ነው።) በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ መድን ያገኙት ብዙ ታከሙ፣ የዕዳ ጭንቀታቸው ቀነሰ፣ ድባቴም ቀነሰ። በደም ግፊት፣ በኮሌስትሮልና በስኳር ቁጥጥር ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም። ከዚያማ አንዱ ወገን "ድል ነው" አለ፣ ሌላው "መድን ፋይዳ የለውም" አለ። ሁለቱም የመረጡትን አንስተው ሮጡ። ለውጥ አልታየም ማለት ለውጥ የለም ማለት አይደለም፤ ናሙናው ውስጥ በነዚያ በሽታዎች የተያዙት ብዙ ካልሆኑ ልዩነቱ ሊደበቅ ይችላል። የትኛውን ውጤት እንደምትለኩ ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት ጻፉት።

መታከም ብቻውንም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ትልቅ ግምት፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች በሕክምና ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ 8.6 ሚሊዮን ሰዎች በዓመት እንደሚሞቱ አሳይቷል። ከነዚህ 5 ሚሊዮን የሚሆኑት ሕክምና ጋ ደርሰው ነበር። የገደላቸው የአገልግሎቱ ጥራት ማነስ ነው።

"የግንዛቤ እጥረት"

የማጠቃለያ ክፍል ላይ የሚዘወተር ቃል ነው። ሰው ካልመጣ ግንዛቤ የለውም፣ መፍትሔውም ማስተማር ነው ይባላል። ወጪውም ትንሽ፣ የሚቆጣም የለ። ብዙዎቹ ግን በሽታቸውን አሳምረው ያውቃሉ። ይህን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ሰውየውን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ሐኪም ጋ ሄዶ ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ያን ቀን ልጆቹን ማን ይይዝለታል?