የድሮ ቪኒል አሻንጉሊት አጥቦ ማድረቅ፦ ውሃው ሆዷ ውስጥ እንዳይቀር

ወሎ ውስጥ የድሮ አሻንጉሊት የምትገኘው ቡፌ ላይ ነው። ዳንቴል ቀሚስ ተሠርቶላት፣ በሲኒዎቹና በሠርግ ፎቶው መሃል ተቀምጣ ዓመታት ታስቆጥራለች። አንዳንዷ ከዓረብ አገር በሻንጣ የመጣች ናት። አንዳንዷ ደሴ ላይ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ተጎትታ የወጣች። ማንም አይጫወትባት፣ ማንም አያጥባት። ከዚያ አንድ ቀን አንስታችሁ ስታዩዋት ፊቷ ግራጫ ሆኗል፤ ስትነኳትም ጣት ላይ ትጣበቃለች።

እዚህ የምናወራው ስለ ቪኒሏ ነው። ሆዷን በአውራ ጣት ሲጫኑት ገባ ብሎ የሚመለስ፣ ውስጧ ባዶ የሆነችው ማለት ነው። ገላዋ ጨርቅ ሆኖ ራሷና እጅ እግሯ ብቻ ቪኒል ከሆነ ግን ውሃ ውስጥ መንከር የለም። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃታል።

መጣበቋ ከቆሻሻ ብቻ የመጣ አይደለም። ቪኒል ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ፒቪሲ ደግሞ ብቻውን ደረቅ ነው። የሚያለሰልሰው አብሮት የሚቀላቀል ዘይት መሰል ኬሚካል ነው። ይህን መላ ያገኘው ዋልዶ ሴመን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ በ1926 እ.ኤ.አ.፣ ጉድሪች በተባለ የጎማ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ። ዕድሜ ሲጫነው ይህ ዘይት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የወሎ ቤት ደግሞ ጭስ አያጣም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ በየቀኑ ዕጣን ይጨሳል። ጭሱ ዘይቱ ላይ ያርፍና ግራጫ ቅባት ይሆናል። ለዚህ ነው ደረቅ ጨርቅ የማያስለቅቀው፤ እንዲያውም ያዳርሰዋል።

ሳሙና ላይ አትራቀቁ። ጥቂት ጠብታ ላርጎ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽና አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ካለ በቂ ነው። ለብ ያለ ስል፣ ሕፃን የሚታጠብበትን ያህል ማለቴ ነው። ኦሞ ይቅርባችሁ፤ ፍሬው ይጭራል። በረኪና ቀለም ያበላሻል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ቪኒሉን ራሱን ያሟሟዋል፤ ከንፈርና ቅንድቧንም በአንድ ጊዜ ጠርጎ ይወስዳል። «ማጂክ ስፖንጅ» እያሉ የሚሸጡት ነጭ ስፖንጅ ሥራው ልክ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ቆሻሻውን ሲያነሳ አንጸባራቂውን ገጽም አብሮ ይፍቃል። አመድና ሎሚም ለድስት ይሁኑ።

ሳፋው ለዚህ ብቻ የሚሆን ይሁን፤ የሊጥ ዕቃ አትጠቀሙ። ድሮ ቪኒል ውስጥ እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ብረቶች ይገቡ ነበር። ማለስለሻ ዘይቶቹም ቢሆኑ ያሳሰቡት ብዙ ሰው ነው። የአውሮፓ ኅብረት የተወሰኑትን ሕፃናት አፋቸው ውስጥ በሚከቷቸው አሻንጉሊቶች ላይ በ1999 እ.ኤ.አ. በጊዜያዊነት ከልክሏቸዋል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቋሚ አድርጎታል። ስለዚህ ጓንት አድርጉ፣ ሲጨርሱም እጅ መታጠብ ነው። ጥርስ ለሚያበቅል ልጅም አሮጌ ቪኒል አይሰጥም።

ልብሷን አውልቁ። ጉትቻ፣ ስፒል፣ መርፌ ቁልፍ ካለባት አንድም ሳይቀር ንቀሉ። የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባርቢዎች ጆሯቸው አካባቢ አረንጓዴ የሚሆነው ከጉትቻቸው መዳብ የተነሳ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ይብስበታል። ከዚያ ተረከዟ ላይ ሳሙናውን ሞክሩ። ቀለም ካልለቀቀ ቀጥሉ። ፊቷን በጥጥ፣ ገላዋን በጨርቅ፣ የጣቶቿን መሃል በብሩሽ። የተቀባውን ቅንድብ አትሹ፤ ዳር ዳሩን ብቻ እለፉበት። እጠቡ፣ አለቅልቁ፣ አለቀ።

የእስክሪብቶ ቀለም ካለባት ሌላ ጣጣ ነው። ቀለሙ ላይ ላዩን አይቀርም፤ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። መድኃኒት ቤት ለብጉር የሚሸጠው የቤንዞይል ፐሮክሳይድ ቅባት ይሠራል። እድፉ ላይ ብቻ በስሱ ቀብታችሁ፣ እንዳይደርቅ በስስ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ለጥቂት ሰዓት አስቀምጡ። ከዚያ ታጥቦ ይደገማል። ግን ይህ ነገር ማንጫ ነው። ከእድፉ አልፎ ከሄደ የአሻንጉሊቷንም ቆዳ ያነጣል፤ ጠይም ቪኒል ላይ ደግሞ ወዲያው ያስታውቃል። እኔ ለትንሽ ነጥብ ብዬ አልሞክረውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አሻንጉሊት የሚያበላሸው ማጠቡ ሳይሆን ማድረቁ ነው። ውጪዋ በግማሽ ቀን ይደርቃል፤ ሰውም እሱን አይቶ ቡፌው ላይ ይመልሳታል። ውሃው ግን በአንገቷ፣ በትከሻዋ መጋጠሚያ፣ ስትጫን ድምፅ በምታወጣበት ቀዳዳ በኩል ገብቶ እግሯ ውስጥ ተኝቷል። ከሳምንታት በኋላ የጓዳ ሽታ ትሸታለች። ዓይኗን የምትጨፍንና የምትገልጥ ከሆነች ደግሞ ከዓይኗ ሥር ቡናማ መስመር ይወርዳል። ዓይኑ ውስጥ ያለው ብረት ዝጎ ነው። ያንን ዝገት ከቪኒል የሚያስለቅቅ ነገር አላየሁም።

ስለዚህ ሥራው ከመታጠቧ በፊት ይጀምራል። ከተቻለ ራሷን ንቀሉና ራስና ገላውን ለየብቻ እጠቡ። አንገቱ አልላቀቅ ካለ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጠምጥማችሁ ትንሽ ቆዩ፤ ቪኒሉ ሲለሰልስ እያሽከረከራችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በደሴ ጠዋት ብርድ ይህን እንዳትሞክሩ፤ ቪኒል ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ አሮጌው ደግሞ ይሰነጠቃል። አሁንም እምቢ ካለ ተዉት። ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ዘግታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ አጽዷት። ዓይኗ የሚንቀሳቀስ ከሆነም ራሷን ውሃ ውስጥ አታግቡ።

ውሃ የገባበትን ገላ መጀመሪያ ዘቅዝቃችሁ አራግፉት። ከዚያ በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ የአንገቱን ቀዳዳ ወደ ውጪ አድርጋችሁ፣ እንደ ወንጭፍ አሽከርክሩት። በዚህ ብዙው ይወጣል። የቀረችውን ጠብታ ለማውጣት ነጠላ ያስፈልጋል። ካረጀ ነጠላ ጣት የሚያክል ስፋት ያለው ቁራጭ ቅደዱና እንደ ኩራዝ ክር ግመዱት። በእርሳስ ጫፍ እየገፋችሁ እግሯ ጣት ድረስ አስገቡት፤ ሌላው ጫፍ በአንገቷ በኩል ወጥቶ ይንጠልጠል። ጥጡ ውሃውን ከታች እየሳበ ያወጣዋል፣ ነፋስ ደግሞ ከላይ ያደርቀዋል። ጠዋትና ማታ በደረቅ ቀይሩት። ሶፍት ለዚህ አይሆንም፤ ውስጥ ተበጣጥሶ ይቀራል፣ የቀረውም እርጥበት ይዞ ይቀመጣል።

ቦታው ጥላና ነፋስ ያለበት ይሁን። ፀሐይ ቪኒልን ታወይባለች፣ ታደርቀዋለችም። ኮምቦልቻ ያለች የአክስቴ ልጅ «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብላ ቆርቆሮ ላይ አስጥታት የአሻንጉሊቷ ጉንጭ የቆርቆሮውን ሸንተረር ይዞ ቀረ። ከሰል ዳር፣ ምድጃ ዳርም ያው ነው። የፀጉር ማድረቂያ ካላችሁ ቀዝቃዛ አየር ላይ ብቻ።

ወቅቱም ይታሰብበት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፤ የታጠበ ካልሲ እንኳ አይደርቅ፣ የአሻንጉሊት ሆድ ከየት ይደርቃል? በልግ ሲዘንብም እንደዚያው። እኔ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን እመርጣለሁ፤ አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋስም አለ። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቅ ያለች ስለሆነች እዚያ ትንሽ ይቀላል።

መድረቋን በማሽተት አትወስኑ። ሚዛን አይዋሽም። ከመታጠቧ በፊት በኤሌክትሮኒክ የወጥ ቤት ሚዛን መዝኗት፤ ወርቅ ቤት ያለው ወዳጅ ካላችሁ ደግሞ የተሻለ። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ይመዝናል። ከታጠበች በኋላ 6 ግራም ከጨመረች፣ 6 ሚሊ ሊትር ውሃ የሆነ ቦታ ተደብቋል ማለት ነው። ክብደቷ ወደ መጀመሪያው እስኪመለስ ራሷን አትግጠሙ። እግሯ ቀጭን የሆነች አሻንጉሊት ሳምንት ልትፈጅ ትችላለች፤ አትቸኩሉ።

ከገበያ ስትገዟት ሻግታ ከነበረ አቼቶ በእኩል ውሃ በጥብጣችሁ ውስጧን አለቅልቁ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ። ቀጥሎ እንደገና ነጠላው። ሽታው ይሄዳል። ቪኒሉ ውስጥ የሰረገ ጥቁር ነጥብ ግን አይለቅም።

ስታስቀምጧት ፌስታል ውስጥ አትቋጥሯት፤ የሚወጣው ዘይት መሄጃ አጥቶ ላይዋ ላይ ይከማቻል። በጋዜጣም አትጠቅልሏት፤ ፊደሉ ጀርባዋ ላይ ይታተማል። ከሌላ ደረቅ ፕላስቲክ ጋር ተነካክታ ከቆየችም ያንን ፕላስቲክ ታሟሟዋለች፤ ሁለቱ ተጣብቀው ይቀራሉ። ታጥቦ የደረቀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይሻላል። ቡፌው ላይ የምትመለስ ከሆነ ደግሞ የመስታወት በር ካለው ክፍል ውስጥ፣ ከማጨሻው ራቅ አድርጋችሁ። ዳንቴሉንም ሳታጥቡ እንዳታለብሷት፤ የዕጣኑ ጥቀርሻ ግማሹ እሱ ላይ ነው ያለው።